መልስ፦ ተወዳዳሪዬ ትራንስክሪፕቴን ኮፒ ማግኘት ይችላል?
እህቴ፣ አራት ኪሎ ያለው መሥሪያ ቤትሽ በደረጃ ዕድገት ላይ ቅሬታ ላቀረበው ተወዳዳሪሽ የትራንስክሪፕትሽን ኮፒ መስጠት ይችላል ወይ ላልሽው፣ ያለ ፈቃድሽ ባይሰጥ ነው ትክክሉ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የትምህርት ታሪክን በግል መረጃነት ይቆጥረዋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። በእኔ እይታ ቅሬታውን ለመመለስ የትምህርት ደረጃሽና መስኩ ይበቃል፤ የእያንዳንዱ ኮርስ ውጤት ምን ያደርግለታል?

ተቃውሞሽን ለሰው ሀብት በቃል አትንገሪ፣ ይረሳል። በ2 ኮፒ ጻፊ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርገሽ፣ በእጅሽ የሚቀረው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጊ። ኮፒው አስቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ማን እንዳዘዘ በጽሑፍ ጠይቂ። ሐሰተኛ ማስረጃ ነው ከተባለ ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጽፎ ያጣራል እንጂ ፋይልሽ ለባልደረባ አይታደልም።