ጀንፈሌ ለምን ጠቆረ?

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከጌዴኦ ዞን፣ ገደብ ወረዳ ነው። እንሰትና ቡና አለኝ። አምና ጀንፈሌ (ሳይፈለፈል በፍሬው የደረቀ ቡናዬ) ጥሩ ዋጋ አውጥቶ ነበር። ዘንድሮ ግን ሲደርቅ ጠቆረ፣ ሽታውም ኮምጣጣ ሆነ። ነጋዴው አሽትቶ ዋጋ ቀነሰብኝ። ልጆቹ ለትምህርት ዲላ ስለሄዱ የምንለቅመው እኔና ባለቤቴ ነን። ኬሻው ሲሞላልን ወደ ቤት አምጥተን እናሰጣለን። በሽታ ከሆነ መድኃኒቱን ይንገሩኝ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነገር፣ ለመድኃኒት ብር እንዳያወጡ። የቡና ፍሬ በሽታ ቢሆን ኖሮ ክረምት ላይ፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ጎድጎድ ያለ ጥቁር ምልክት ዛፉ ላይ ያዩ ነበር። የእርስዎ የጠቆረው ሲደርቅ ነው። ዛፉ ጤነኛ ይመስለኛል።

የእኔ ግምት ኬሻው ላይ ነው። አምና ልጆቹ ስላገዙ ኬሻው በአንድ ቀን ሞልቶ ማታውኑ ተሰጥቷል። ዘንድሮ ለሁለት ሰው ሁለት ቀን፣ ምናልባትም ሦስት ቀን ፈጅቷል። እሸት ቡና ደግሞ ስኳር አለው። በላስቲክ ኬሻ ታፍኖ ሲያድር ይሞቃል፣ ይብላላል። እርግጠኛ ለመሆን ከፈለጉ ያደረ ኬሻ ውስጥ ጠዋት እጅዎን ይክተቱ። ከሞቀዎት ነገሩ ያ ነው።

ይህንን በየሄድኩበት ቀበሌ አየዋለሁ፣ ሁሌም ያሳዝነኛል። ዓመት ሙሉ የተለፋበት ቡና በአንድ ሌሊት ይበላሻል። «ግማሽ ኬሻ ለማስጣት ምን አደከመኝ» አይበሉ። የለቀሙት አምስት ኪሎም ቢሆን የዚያኑ ቀን ይሰጣ።

አሁን የቡና ማስጫ አልጋ ይሥሩ። ለዚህ ከግቢዎ ቀርከሃና ባሕር ዛፍ ይበቃል። ከፍታው እስከ ወገብ፣ ወርዱ 1 ሜትር ይሁን፤ ከሁለቱም ወገን እጅ እንዲደርስ ነው። ላዩ ላይ የሽቦ መረብ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ሳሳ ተደርጎ የተሠራ የቀርከሃ ምንጣፍ ይሆናል። ዋናው ነገር አየር ከታች ማለፉ ነው። መሬት ላይ ሲሰጣ ከሥር እርጥበት ይስባል፣ የአፈርም ሽታ ይይዛል። ለ1 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ እሸት ይበቃል። ስለዚህ ለአንድ 60 ኪሎ ኬሻ 6 ሜትር የሚረዝም አልጋ ያዘጋጁ።

ከማስጣትዎ በፊት እሸቱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ይጨምሩት። የሚንሳፈፈው ባዶ ወይም በነቀዝ የተበላ ነው፤ ለብቻው ያድርጉት። አረንጓዴውንም ያውጡ። የሰመጠውን ቀይ ቡና ፍሬ በፍሬ ላይ ሳይደራረብ በስሱ ይበትኑት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወሳኝ ናቸው፤ በየሰዓቱ ያገላብጡት። እርስዎ ማሳ ሲውሉ ቤት የሚቀር ሰው ያገላብጠው። ቆዳው ጨምደድ ካለ በኋላ ትንሽ ቢወፍርም ችግር የለውም።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲከር በኬሻ ያልብሱት፤ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ማታም ለጤዛ ይሸፈን። ላስቲክ ግን ቡናው ላይ አይተኛ። በእንጨት ከፍ አድርገው ይወጥሩት፤ አየር ካላገኘ ተመልሶ እንደ ኬሻው ይሆናል። አየሩ ከተስማማ 3 ሳምንት አካባቢ ይፈጃል። ሲያንቀሳቅሱት ፍሬው ከቆዳው ውስጥ ከተንኳኳ ወደ ማብቂያው ነው። ማኅበሩ ጋ የእርጥበት መለኪያ ካለ ፍሬውን አስለኩ፤ ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ጀንፈል ዝቅ ያለ ቡና ነው የሚሉትን አይስሙ። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» በተባለው የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ አርሶ አደር ቡና ሳይታጠብ በፍሬው የደረቀ ነበር። የእናንተ አካባቢ ቡናም ከእንሰትና ከጥላ ዛፍ ሥር የሚያድግ ነው፣ ጣዕሙን ዓለም ያውቀዋል።

የጠቆረውን ግን አሁን የሚያድነው ነገር የለም። በዋጋው ይሽጡት፣ ከአዲሱ ጋር ግን በፍጹም አይቀላቅሉት፤ ትንሽ የኮመጠጠ ሙሉውን ኬሻ ያስጥለዋል። ዛፉ ላይ የቀረውን ቀይ ቡና ነገ ለቅመው ነገውኑ ያስጡት።