ሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለኢንዱስትሪ ጽዳት፦ ጥያቄና መልስ

መላሹ በከፍተኛ ግፊት ታንኮች ላይ ለዓመታት የሠራ የውይይት ቡድናችን አባል ነው።

ጥያቄ፦ ጋዝ የሆነ ነገር እንዴት ቅባት ያጥባል?

መልስ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ግፊቱም ከ74 ባር ገደማ (አንድ ባር ከተለመደው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል) ሲያልፍ ጋዝ ወይም ፈሳሽ ብሎ መለየት አይቻልም፤ ሱፐርክሪቲካል የሚባለው ይህ ነው፤ እንደ ፈሳሽ ያሟማል፣ እንደ ጋዝ ይሰርጋል። በ40 ዲግሪ ላይ ግፊቱን ከ100 ወደ 200 ባር ብናሳድግ የአንድ ሊትሩ ክብደት ከ630 ግራም አካባቢ ወደ 840 ግራም ይጠጋል፤ የማሟሟት አቅሙም አብሮ ያድጋል። የገጽ ውጥረት ስለሌለው ከብረት ዱቄት ተጨምቀው በተሠሩ ዕቃዎች ደቃቅ ቀዳዳ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ከዚያ ወደ መለያ ታንክ ሲተላለፍና ግፊቱ ሲቀነስ ቅባቱ ከታች ይጠራቀማል፣ ጋዙ ተጨምቆ ይመለሳል፣ ዕቃውም ደርቆ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ማንኛውንም ቆሻሻ ያስለቅቃል?

መልስ፦ አያስለቅቅም። የማሽን ዘይትንና የሲሊኮን ዘይትን ያነሣል፤ ዝገትን፣ ጨውንና የጣት አሻራ የሚተወውን የላብ ጨው አይነካም። ጥቂት ኢታኖል ቢጨመርበት አቅሙ ይሰፋል፣ ነገር ግን የእሳት አደጋም አብሮ ይመጣል። ዕድፉን ሳታውቁ አሟሚ አትምረጡ።

ጥያቄ፦ ለእኛ ዕቃ ይሆናል?

መልስ፦ ዕቃው ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ዕድፉስ? ይህ ሳይነገረኝ የምመልሰው የለኝም።

ጥያቄ፦ የጎማ ማሸጊያዎቻችን ቶሎ ቶሎ ይበላሻሉ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ይህን የሚጠይቅ በመገኘቱ ደስ ብሎኛል፤ ብዙዎች በፓምፑ ሲጨነቁ ኦሪንጉን፣ ማለትም ቀለበት መሳዩን የጎማ ማሸጊያ፣ ይረሱታል። ጋዙ በግፊት ወደ ጎማው ውስጥ ገብቶ ይሟሟል፤ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ የገባው መውጫ ሳያገኝ ከውስጥ ይሰፋና ጎማውን ይሰነጥቀዋል። አንድ ጊዜ ሥራው ቸኩሎብን ታንኩን በጥቂት ደቂቃ አስተንፍሰን ስንከፍተው ኦሪንጉ ኩፍ ብሎ ከማስቀመጫው ቦይ ወጥቶ አገኘነው፤ በምላጭ ስንከፍለው ውስጡ በደቃቅ ስንጥቅ ተሞልቷል። በተጨማሪም ጋዙ በቫልቭ በኩል ሲሰፋ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ፣ ቫልቩ ካልሞቀ ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ይዘጋዋል። አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት ክፍሎችም ጋዙን ስለሚጠጡ ያብጣሉ። ስለዚህ ግፊቱን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ቀስ ብላችሁ።

አንድ አባል፦ የምድርን ሙቀት የሚያባብስ ጋዝ «አረንጓዴ» መባሉ ማታለል አይደለም?

ሌላ አባል፦ አይደለም፤ ጋዙ ለዚህ ሥራ ተብሎ አልተመረተም። ከአሞኒያ ፋብሪካና ከአልኮል ማብላያ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው፣ በዚያ ላይ በዑደት ይመለሳል።

የመጀመሪያው አባል፦ የመጭመቂያው ኤሌክትሪክስ የት ተቆጠረ?

መላሹ፦ ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል፤ ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል የሚመጣ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ሆኖም የሚነጻጸረው ከሌሎች ማጽጃዎች ጋር ነው፦ የኦዞንን ንጣፍ በመጉዳቱ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ገደብ ከተጣለበት ሲኤፍሲ-113 ከተባለው አሟሚ፣ ካንሰር ከሚያመጣው ትራይክሎሮኢቲሊን ከተባለው የቅባት ማስለቀቂያ፣ ወይም ከታጠበ በኋላ ማድረቂያ ሙቀት ከሚጠይቀው ውሃ ጋር። ወደ ጽዳቱ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ይህ ደረቅ በረዶ ከሚረጨው ማሽን በምን ይለያል?

መልስ፦ ያ ሌላ ሥራ ነው። እዚያ ጠጣሩ በ78.5 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ገጹን እየመታ ያራግፋል፤ እዚህ ግን ዕድፉ ይሟሟል።

ጥያቄ፦ ለእኛ ዕቃ ይሆናል ወይስ አይሆንም?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ዕድፉን ሳይነግሩኝ ቢደጋግሙት መልሱ አይለወጥም።

ጥያቄ፦ ጋዙ መርዛማ ስላልሆነ በቂ አየር በሌለው ክፍል ብንሠራበትስ?

መልስ፦ በፍጹም። ጠረን የለውም፣ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጉድጓድና ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው ከአየሩ 0.5 በመቶ ብቻ ሲሆን 4 በመቶው ወዲያውኑ ለሕይወት አስጊ ነው። የጋዙን መጠን የሚለካውን መሣሪያ ከወለሉ አጠገብ ስቀሉት።

ጥያቄ፦ ታንኩን ራሳችን በይደን ብንሠራውስ?

መልስ፦ አትሥሩት። በ200 ባር ላይ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ክዳን ከ140 ቶን በላይ ጉልበት ይሸከማል።