ልጁን ከመቀበልሽ በፊት ወላጆቹን ጠይቂ

እህቴ፣ ጅማ ላይ ቤትሽ ውስጥ ሦስት አራት ሕፃናት ለመያዝ አስበሽ «የደወለውን ሁሉ ልቀበል ወይስ ልምረጥ? ምን ብዬ ልጠይቅ?» ብለሻል። ምረጪ። ይህን ሥራ የልጅ ለቅሶ ብዙም አያበላሸውም፤ የሚያበላሹት ሰዓት፣ ክፍያና የተደበቀ ሕመም ናቸው። ሦስቱም በወላጅ እጅ ያሉ ናቸው።

በስልክ ዋጋ ብቻ ተናግረሽ አትዝጊ። የልጁን ዕድሜ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት እንደሚቆይ፣ እስካሁን ማን ይይዘው እንደነበርና ለምን እንደተቋረጠ ጠይቂ። «ሠራተኛዋ አገሯ ገባች» የተለመደ ነው። በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ተቀያይሮ ሁሉም «ክፉ» ከተባሉ ግን የአንዷን ስልክ ጠይቀሽ ራስሽ አነጋግሪያት።

ሰዓቱን ከሥራቸው ጋር አገናዝቢ። ቢሮ 11:30 የሚወጣ ሰው በክረምት ዝናብ ባጃጅ አግኝቶ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድበት መውሰጃውን 12 ሰዓት ብላችሁ ጻፉት። እናቱ ሐኪም ወይም ነርስ ከሆነች የወሩን የዲዩቲ ፕሮግራም ትስጥሽ፤ የአዳር ተረኛ ስትሆን ማን እንደሚወስደው ቀድሞ ይታወቅ። ቡና ነጋዴ ከሆኑ በለቀማው ወራት ምን እንደሚያደርጉ ጠይቂ።

ከተስማማሽ ሁለቱም ወላጆች ልጁን ይዘው ይምጡ፤ መታወቂያቸውንና የክትባት ካርዱን አትርሱ በያቸው። ክትባቱ ሲወለድ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም የኩፍኙ በ9 እና በ15 ወር መሰጠቱን ካርዱ ላይ እዪ። የጎደለ ካለ በዚህ ብቻ አትመልሻቸው፤ ጤና ጣቢያ በነጻ ስለሚሰጥ አስከትበው ይምጡ።

«ጤነኛ ነው?» ብትዪ ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ይሉሻል። ነጥብ በነጥብ ጠይቂ፦ ትኩሳት ሲይዘው አንቀጥቅጦት ያውቃል? ያሳበጠው ወይም ያሳከከው ምግብ አለ? አሁን የሚወስደው መድኃኒት አለ? በቅርቡ እንጥሉ ተቆርጧል ወይም ግጉ (ገና ያልበቀለው የወተት ጥርሱ) ተነቅሏል? ይህን የመጨረሻውን ሳትወቅሺ ጠይቂ፤ ከተወቀሱ ይደብቁሻል፤ ደም ቢፈሰው ወይም ቢያመረቅዝ ደግሞ አንቺ እጅ ላይ ነው የሚሆነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «ልጁ ሲያመው ማን ቤት ይውላል?» የሚለው ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ልጅ ካቆመለት በኋላ 24 ሰዓት ሳይሞላ እንደማትቀበዪ ንገሪያቸው። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ዲግሪ ከደረሰ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ሁለቱም «ከሥራ መቅረት አንችልም» ካሉ፣ አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ከነስልክ ቁጥሩ ይጠሩ። የሚጠሩት ሰው ከሌለ፣ በእኔ እምነት፣ ደጋግ ሰዎች ቢሆኑም አትቀበዪ። የታመመውን ልጅ ሌሎቹ መካከል ጥለውት ይሄዳሉ።

ምግብም እንዲሁ። ጅማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ የሥጋውን እርድ፣ ወላጆቹ በጾም ወቅት ልጁ ምን እንዲበላ እንደሚፈልጉ በግልጽ ተነጋገሩ። የታለበ የጡት ወተት የታለበበት ሰዓት ተጽፎበት ይምጣ፤ ያለ ፍሪጅ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይም።

ልጁን መውሰድ የሚችሉት ስማቸው በወረቀት የሰፈረ ብቻ ናቸው። ወላጆቹ ከተለያዩ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ኮፒ ያዢ። «ወንድሜ ይመጣል» ተብሎ ከማታውቂው ቁጥር ቢደወል፣ በያዝሽው የእናቱ ቁጥር ራስሽ መልሰሽ ደውዪ።

ክፍያው በወሩ መጀመሪያ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፣ ማስረጃ እንዲኖር። ልጁ ሳይመጣ የሚቀርባቸው ቀናትና የመዘግየት ክፍያ በውሉ ላይ ይግቡ፤ ሁለት ቅጂ ፈርማችሁ አንድ አንድ ያዙ። ዋጋ መከራከር ነውር አይደለም። ከተስማሙ በኋላ መክፈያው ቀን ላይ እንደገና የሚከራከሩ ግን ወር በወር ያደክሙሻል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሙከራ አድርጊው፦ ሁለት ቀን ከእናቱ ጋር ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ሙሉ ቀን። ሲያስረክቡሽ ገላውን አብራችሁ እዩ፤ ጭረት ወይም በለዝ ካለ ቀኑን ጽፈሽ አስፈርሚ። በዚያ ሳምንት ሰዓት ያላከበረ ወላጅ በኋላም አያከብርም።

እምቢ ስትዪ «ሞልቷል» አትበዪ፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ በሳምንቱ ሌላ ልጅ መቀበልሽ ይሰማል። «ሰዓታችን አልገጠመም» ወይም «ሲያመው የሚይዘው ሰው ሲገኝ ተመለሱ» በያቸው።