ልጄ ቡችላ እናምጣ አለችኝ፤ ማሳደግ ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? የምኖረው ደሴ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። የጎረቤት ውሻ ሰሞኑን ወልዳ፣ የሰባት ዓመት ልጄ “ቡችላ እናምጣ” ብላ እያለቀሰች አስቸገረችኝ። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ደግሞ “ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም” ትላለች። ቤቱ የኪራይ ነው። ግቢውን ከአንዲት ሙስሊም እናት ጋር እንጋራለን። ውሻ ማሳደግ ኃጢአት ነው? ካልሆነስ ዝግጁ መሆኔን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ እኅቴ። አብሽሪ፣ ውሻ ማሳደግ ኃጢአት አይደለም።

የእናትሽን አባባል ወሎ ውስጥ ያልሰማው የለም። ከሙስሊም ወገኖቻችን ትምህርት የመጣ ነው፤ አብረን ስለኖርን እኛም ቤት ገብቷል። ለእናትሽ ግን መጽሐፈ ጦቢትን አንብቢላቸው። ጦብያ ያን ሩቅ መንገድ ሲሄድ መልአኩ ሩፋኤል አብሮት ነበር። ውሻውም አብሯቸው ሄዷል። መልአኩ ውሻውን መልሰው አላለም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

“ውሻዎች በውጭ አሉ” የሚለው የራእይ 22፥15 ቃልም ስለ እንስሳው አይደለም፤ በክፋት ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ውሻን ወደ ቤተ ክርስቲያን የማናስገባው ለቦታው ክብር ነው። ውሻ ነካኝ ብለሽ ግን ከቅዳሴ አትቅሪ። ታጠቢ፣ ልብስሽን ቀይሪና ሂጂ።

ከባዱ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። ጌታ በሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቆጥራል ብሏል። ውሻ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። ልጅሽ አድጋ ከቤት ስትወጣ ውሻው አርጅቶ አንቺ ጋ ይቀራል። ስለዚህ የልጅሽን ፍላጎት ተዪውና ባለቤቱ አንቺ እንደሆንሽ አድርገሽ አስቢ።

እኔ ልጅ ሳለሁ ጃክ የሚባል ውሻ ነበረን። ቤት ስንቀይር አዲሱ አከራይ ውሻ አልፈልግም አለ። ጥለነው ሄድን። ከሳምንት በኋላ የረሳነውን ዕቃ ልወስድ ስመለስ፣ በሩ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ጭራውን እየቆላ ተነሣ። ዕቃውን ይዤ ሄድኩ፤ እሱም እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተለኝ። ለንስሐ አባቴ የነገርኩት ካደግሁ በኋላ ነው። እስካሁን ያመኛል። አከራይሽን ዛሬ አስፈቅጂ፤ ነገ ቤት ብትለቂ ውሻው የት እንደሚሄድም አሁኑኑ አስቢ።

ቀጥሎ ዐቢይ ጾምን አስቢ። በብዙ ቤት የውሻ ምግብ ትራፊ ነው። 55 ቀን ሙሉ ቤቱ ሽሮና ምስር ብቻ ሲሆን ውሻው ይከሳል። የነነዌ እንስሶች ጾመው የለ ወይ የሚሉኝ አሉ። ያ በዚያች ከተማ ንጉሥ የታወጀ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በእንስሳ ላይ ጾም አላወጀችም። በጾም ለውሻሽ ሥጋ ገዝተሽ ብትቀቅዪለት ጾምሽ አይፈርስም። ለነገሩ የወጥ ትራፊም ቢሆን አይበጀውም። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳሉ። ለብቻው የሚቀቀልለት ነገር ያስፈልገዋል። በበዓል ከታረደ በግ የተጣለ ጥሬ ሳምባና ጉበትም አትስጪው። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት፣ በውስጡ ያለው የትል እጭ ወደ ውሻው ይገባል፤ ከውሻው ዓይነ ምድር ደግሞ እንቁላሉ ወደ ልጅሽ ሊተላለፍ ይችላል።

ስለ ክትባት አጥብቄ እነግርሻለሁ። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይውሰድ፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገምለት። ልጅሽን የትኛውም ውሻ ቢነክሳት ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቢ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ጠበሉን ትጠጣ፤ ክትባቱ ግን አንድ ቀንም አይዘግይ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እንደተጻፈው መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ጠበል ብቻ ይበቃል የሚልሽን አትስሚ።

አሁን ወደ ፈረቃሽ ልምጣ። የሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ማን ያበላዋል? ከኮምቦልቻ ስትመለሺ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ መኪናው ሲያዘግም፣ ቤት የምትደርሺው መቼ ነው? “ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል” ይላል ምሳሌ 12፥10። ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ታስሮ፣ የደሴን ብርድና ዝናብ ያለ መጠለያ የሚያሳልፍ ውሻ ብዙ አይቻለሁ። ባለቤቶቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ጊዜ የላቸውም። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ እናትሽ ከልባቸው እሺ ካላሉ ዘንድሮ ይቅር እላለሁ። አንቺ በሌለሽበት ሰዓት ቤት ያሉት እሳቸው ናቸውና።

ሴት ቡችላ ከሆነች የእንስሳት ሐኪም ስለ ማምከን አማክሪ። እሱም ኃጢአት አይደለም። ቡችሎቿን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ወንዝ ዳር መጣል ግን ጭካኔ ነው።

ቡችላዎቹ ቢያንስ ሁለት ወር እናታቸው ጋ መቆየት አለባቸው። ይህን ጊዜ ተጠቀሚበት። ባለቤቶቿን አስፈቅደሽ፣ አንቺና ልጅሽ ለእናቲቱ በየቀኑ ምግብ አድርሱላት። ስታጠባ ይርባታልና ምጽዋትም ነው። ቁር ሆነ ዝናብ፣ ፈረቃ ሆነ በዓል አትቅሩ። በሁለተኛው ሳምንት ከሰለቻችሁ መልሱን አገኛችሁ፤ አንድም ቡችላ አልተጎዳም። ሁለቱን ወር ከዘለቃችሁ ደግሞ እኔን መጠየቅ አያስፈልግሽም።

ከዚያ በፊት ግን ግቢ የምትጋሪያቸውን ሙስሊም ጎረቤትሽን አነጋግሪ። የውሻ ምራቅ በነካው ልብስ ሳይታጠብ አንሰግድም ብለው የሚጠነቀቁ ሙስሊም ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ውሻው በእሳቸው በር ማለፍ፣ ቧንቧው ጋ የተቀመጠ ዕቃቸውን መላስ የለበትም። ቡችላው ከመጣ በኋላ ይቅርታ ከምትጠይቂ፣ ሳይመጣ ፈቃዳቸውን ጠይቂ። ቅዳሜ ቡና አፍዪና ጥሪያቸው፤ ልጅሽም አጠገብሽ ትቀመጥና ትስማ።