ልጄ «ታርሲየር ግዢልኝ» አለችኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ስልኬ ላይ አንድ እንስሳ አይታ እንቅልፍ ነሳችኝ። እፍኝ የማትሞላ፣ ዓይኗ የፊቷን ግማሽ የያዘ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተለጥፋ የምታፈጥ ነገር ናት። ስሟ ታርሲየር ነው አሉኝ። የሰፈር ልጆች «ጂኒ ናት» ይሏታል፤ ወንድሜ ደግሞ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ነው ብሎ ይምላል። ልጄ ግን «ታይዋን ገበያ የማይገኝ ነገር የለም፣ ግዢልኝ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ እዚሁ ድሬዳዋ ያለውን ገበያ ማለቷ ነው። እውነት አለች? እኛ አገርስ ትገኛለች? አንድ ማታ ከኤረር ስንመለስ ግራር ላይ ሁለት ዓይን በመኪናው መብራት ቦግ ሲል አይተን ነበር፤ እሷ ትሆን እንዴ? ቤት ውስጥ ማሳደግስ ይቻላል?
የልጅ እናት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ የድሬ ልጅ ነሽና «እርስዎ» ብልሽ ትቀየሚኛለሽ። አንቺ እያልኩሽ ልቀጥል።

ወንድምሽ ተረትቷል። እንስሳዋ አለች፤ የጦጣና የዝንጀሮ የሩቅ ዘመድ ናት። የምትኖረው ግን በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች ብቻ ነው፤ ፊሊፒንስ፣ ቦርንዮ፣ ሱማትራ፣ ሱላዌሲ። ልጅሽ ያየቻት ስመ ጥሯ የፊሊፒንሷ ሳትሆን አትቀርም። ክብደቷ ከ80 እስከ 160 ግራም ነው፣ አንድ የኤረር ብርቱካን በይው። እያንዳንዱ ዓይኗ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ አንዱ ዓይን ብቻውን አንጎሏን ያህላል። እንዲህ ያለ ዓይን ጉድጓዱ ውስጥ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ስለዚህ ጎን ለማየት አንገቷን እንደ ጉጉት ወደ ኋላ ድረስ ታዞራለች።

ግራሩ ላይ ያያችሁት ግን እሷ አይደለችም፤ ማስረጃውም ያው ቦግ ማለቱ ነው። የድመትና የጅብ ዓይን በስተኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው በመብራት ያበራል። ታርሲየር ያ ሽፋን የላትም። ዓይኗ ያን ያህል የገዘፈውም ለዚህ ነው ይባላል፤ ጨለማውን በስፋት ልታካክሰው። እናንተ ያያችሁት ጋላጎ ሊሆን ይችላል። እሱም ዓይነ ትልቅ፣ የሌሊት እንስሳ ነው፤ ቆላው ግራር ውስጥ ይኖራል፣ የግራር ሙጫ ይልሳል፣ ነፍሳት ይለቅማል።

ስለ ጋላጎ ካነሳሁ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በ1978 ዓ.ም. ሐረር ባዮሎጂ ሳስተምር አንድ ተማሪ ከኤረር ሸለቆ በሳሙና ካርቶን አንዷን ይዞልኝ መጣ። መልሰህ ውሰድ ማለት ሲገባኝ ደስ አለኝና ቤተ ሙከራው ውስጥ አስቀመጥኳት። ጆሮዋን እንደ ወረቀት እጥፍጥፍ አድርጋ ትተኛለች። ማታ ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገው መዳፏ ላይ ሸንታ እግሯን ማሸት ነበር። እኔ ቆሻሻ ናት ብዬ በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋት ነበር፤ የዘሯ ልማድ መሆኑን ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ሙዝና ወተት ሰጠኋት። ተማሪዎቹ በየእረፍቱ ተሰልፈው ይዳስሷታል፤ ቀን እንቅልፏ እንደሆነ የሚያውቀው መምህር ዝም ብሎ ያያል። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ጠረጴዛው ሥር ደርቃ አገኘኋት። ለልጁ «ለቀቅኳት» አልኩት። አመነኝ መሰለኝ።

የልጅሽ ታርሲየር ደግሞ ከዚያች የባሰች ናት። ሙዝ እንኳ አትነካም፤ ቅጠል፣ ፍራፍሬ፣ ዳቦ የሚባል አታውቅም። ከጦጣና ዝንጀሮ ዘመዶች ሁሉ ሕይወት ያለው ነገር ብቻ የምትበላ እሷ ናት፦ ፌንጣ፣ ጥንዚዛ፣ እንሽላሊት። ከዚራ ላይ በየሌሊቱ ፌንጣ ማን ያድንላታል? ስትደነግጥም ትጎዳለች፤ ተይዘው በፍርግርግ የተዘጋባቸው ጭንቅላታቸውን ከፍርግርጉ ጋር እያጋጩ የሞቱ አሉ። የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ስድስት ወር ያህል አርግዛ። የሞተችው ቶሎ አትተካም።

ፊሊፒንሶችም ይህን የተማሩት ከስሕተት ነው። ቦሆል የሚባለው ደሴት ላይ ድሮ ገለባ ተሞልታ ለጌጥ ትሸጥ ነበር፤ ቱሪስት ትከሻ ላይ ተቀምጣ ፎቶ ትነሳም ነበር። ካርሊቶ ፒዛራስ የሚባል ሰው ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ለዚሁ ሥራ ያድናት ነበር። እያደር ጫካው ባዶ መሆኑን ሲያይ ማደኑን ትቶ ጠባቂዋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች የፊሊፒንሷን ታርሲየር ከሌሎቹ ለይተው አዲስ የወገን ስም ሲሰጧት «ካርሊቶ» አሏት። አዳኝ የነበረ ሰው በስሙ እንስሳ ሲጠራለት ሌላ ጊዜ አልሰማሁም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1997 ማደንና መያዝን በአዋጅ ከልክሏል፤ ኮሬላ በምትባል ከተማ መጠለያ አለ፣ ጎብኚ እዚያ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ባለ 200 ፔሶ ገንዘባቸው ጀርባ ላይም ሥዕሏ አለ።

«ጂኒ ናት» ያሉትን ልጆች አትቆጪያቸው፤ ብቻቸውን አይደሉም። በአገሯ በፊሊፒንስም ታርሲየር የጫካ መናፍስት የቤት እንስሳ ናት የሚሉ አሉ፤ የጎዳት ሰው መናፍስቱን ይቅርታ ይጠይቃል። እኛም ሐረር ላይ ጅብ ጂኒ ይበላል እያልን አይደል ያደግነው? ለዚያውም የጀጎል ግንብ ላይ መግቢያ ቀዳዳ ትተንለት፣ ለአሹራ ገንፎ በቅቤ እያቀረብንለት። ልዩነቱ ጅቡ ማታ መጥቶ፣ ከእንጨት ጫፍ ሥጋውን ነጥቆ፣ በገዛ እግሩ መመለሱ ነው። ማንም ቤቱ አላሰረውም።

አንድ ነገር ጨምሪላት። ታርሲየር አፏን ከፍታ ድምፅ ሳይሰማ ሲቀር እያዛጋች ይመስላል፤ ግን እየጮኸች ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የጩኸቷ ቅጥነት 70 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል፤ የእኛ ጆሮ 20 ላይ ያበቃል። ልጅሽ ቪዲዮውን ደግማ ትየው።

ታይዋን ገበያ ግን አትሂጂ አቦ። ጨረቃ በሌለበት ማታ ልጅሽን ይዘሽ ጋላጎ ፍለጋ ወደ ኤረር ውጪ። ከመኪና አትውረዱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ባትሪው አፍ ላይ ቀይ ፌስታል እሰሩ፤ ቀይ ብርሃን ብዙ አያስደነግጣቸውም። ባትሪውን ከዓይንሽ አጠገብ ይዘሽ የግራሩን ጫፍ ቀስ እያልሽ አብሪበት። ሁለት ፍም ጎን ለጎን ከታየና ድንገት ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ከዘለለ፣ እሱ ነው።