ፋይል በተለወጠ ቁጥር ትእዛዝ የሚያስኬድ መሣሪያ፦ ለጥያቄህ መልስ

ወንድሜ፣ ኮድህን ባስቀመጥህ ቁጥር ሙከራዎቹን ራሱ የሚያስኬድ የተርሚናል መሣሪያ የትኛው እንደሚሻል ጠይቀሃል። አሁን የያዝኸው አንዳንዴ ሁለት ጊዜ እንደሚሠራ፣ አዲስ ፋይል ስትጨምር ደግሞ እንዳላየ እንደሚያልፍም ጽፈሃል።

የእኔ ምርጫ ኢንተር ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ኢ፣ ኤን፣ ቲ፣ አር ነው፤ የመጨረሻው ኢ የለበትም። ኤሪክ ራድማን በሲ ቋንቋ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፋይሎቹን ራሱ አይፈልግም፤ ፋይንድ ወይም ኤልኤስ የሚባሉት የፋይል መዘርዘሪያ ትእዛዞች ያወጡትን ዝርዝር በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) ይቀበልና ከዝርዝሩ አንዱ ሲለወጥ ያዘዝኸውን ያስኬዳል። ሰረዝ ሲ የሚለውን አማራጭ ብትጨምርበት ስክሪኑን አጽድቶ ይጀምራል። ሰረዝ አር ካልኸው እየሠራ ያለውን ሰርቨር አቁሞ እንደገና ያስነሣዋል። በፓይተን ወይም በጎ ለሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃዋል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ አዲሱን ፋይል የማያየው ዝርዝሩ የሚነበበው አንድ ጊዜ፣ ሲነሣ ብቻ ስለሆነ ነው። ኢንተር ለዚህ ሰረዝ ዲ የሚባል አማራጭ አለው፤ ወደ ፎልደሩ አዲስ ፋይል ሲገባ ፕሮግራሙ ሥራውን አቁሞ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን መውጣት እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል፤ ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ትእዛዙን በሙሉ ዋይል በሚባለው የተርሚናል መደጋገሚያ ዙር ውስጥ ካስገባኸው በወጣ ቁጥር ዝርዝሩ እንደ አዲስ ይነበባል። ይህ አካሄድ ካልተመቸህ ዋችኤግዜክ የሚባለውን ሌላ መሣሪያ ውሰድ። እሱ በራስት ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ፎልደሩን ከነውስጡ ይከታተላል፣ በጊትኢግኖር (ጊት እንዲተዋቸው የምትፈልጋቸው ፋይሎች በሚጻፉበት ፋይል) የዘረዘርኸውንም ይተዋል። እኔ ለትንሽ ሥራ ኢንተርን፣ ፎልደሩ ለበዛ ፕሮጀክት ዋችኤግዜክን እጠቀማለሁ።

ሁለት ጊዜ መሥራቱ ግን የመሣሪያው ጥፋት ላይሆን ይችላል። አንተ አንድ ጊዜ አስቀመጥሁ የምትለው ለሊኑክስ ብዙ ክስተት ነው። ቪም የሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ እንደ ቅንብሩ የነበረውን ፋይል ስም ለውጦ በቦታው አዲስ ይጽፋል፤ መፍጠሩ፣ መጻፉ፣ መዝጋቱ እያንዳንዱ ለብቻው ይነገራል። ዋችኤግዜክ በ50 ሚሊሰከንድ ውስጥ የመጡትን አንድ ላይ ሰብስቦ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ኮድህን ሲቀመጥ የሚያስተካክል ፕሮግራም ካለህና ከዚህ ዘግይቶ ፋይሉን ደግሞ ከጻፈው ሁለተኛው ሩጫ አይቀርም፤ ጊዜውን ከፍ አድርገው። የሙከራው ውጤት የሚጻፈው እዚያው በምትከታተለው ፎልደር ከሆነማ ሁለት ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ማብቂያ የለውም። የውጤቱን ፎልደር ከክትትሉ አውጣው።

ነገ ተመሳሳይ ዘዴ ከኮድ ውጭ መጠቀምህ ስለማይቀር አንድ ነገር ላክል። በአንድ መሥሪያ ቤት ስካን የተደረጉ ደረሰኞች ሰርቨሩ ላይ በአንድ ፎልደር ይገቡና ስክሪፕት እየተቀበለ ወደ ሌላ ቦታ ያስተላልፋቸው ነበር። አንዳንዶቹ ፒዲኤፎች አልከፈት ይሉ ነበር፤ ከሁሉም በፊት የተወቀሰው ስካነሩ ነው። ስክሪፕቱ በአይኖቲፋይዌይት (የፋይል ለውጥን በሚጠብቅ የሊኑክስ ትእዛዝ) ይጠብቅ የነበረው ሞዲፋይ የሚባለውን ክስተት ነው። ይህ ክስተት የመጀመሪያዎቹ ባይቶች እንደተጻፉ ይደርሳል፤ ስለዚህ ትልቅ ፋይል ገና እየተጻፈ ግማሹ ይወሰዳል። ክሎዝ ራይት በሚባለው ስንተካው ችግሩ ጠፋ፤ እሱ የሚመጣው ጸሐፊው ፕሮግራም ፋይሉን ሲዘጋ ነው። ከየትኛው መሣሪያ ይልቅ የትኛው ክስተት ብሎ መጠየቅ ያለብህ እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ሌላው የሚያታልል ነገር የስሕተት መልእክቱ ነው። የፋይል ለውጥን ለፕሮግራሞች የሚነግረው አይኖቲፋይ ከ2005 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል (በሲስተሙ እምብርት) ውስጥ አለ፤ ለእያንዳንዱ ንዑስ ፎልደር አንድ መከታተያ ይፈልጋል። ለአንድ ተጠቃሚ የሚፈቀደው ለብዙ ዓመታት በነባሪ 8192 ነበር፤ ከከርነል 5.11 ወዲህ ግን እንደ ማሽኑ ማስታወሻ (ራም) መጠን ይወሰናል። ኖድ ሞጁልስን (የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ላይብረሪዎች የሚቀመጡበትን) የሚያህል ፎልደር አሮጌውን ገደብ በቀላሉ ይሞላዋል። ያኔ የሚመጣው መልእክት ዲስኩ ላይ ቦታ የለም የሚል ነው! ሰዉም ፊልምና ፎቶ መሰረዝ ይጀምራል። ዲስኩ ምንም አልሆነም፤ ማክስ ዩዘር ዋችስ የሚለውን የከርነል ቅንብር ከፍ ማድረግ ወይም የማያስፈልገውን ፎልደር መተው ነው መፍትሔው።

በየትኛው ሲስተም ላይ እንደምትሠራ አልጻፍህም። በዊንዶውስ ላይ ደብሊውኤስኤል 2ን (ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደውን) ከሆነ የምትጠቀመው፣ ፕሮጀክትህ በዊንዶውስ ሲ ድራይቭ ላይ ተቀምጦ መሣሪያው በሊኑክሱ በኩል ቢጠብቅ፣ በዊንዶውስ በኩል የተደረገው ለውጥ አይነገረውም። ፕሮጀክቱን ወደ ሊኑክሱ ሆም ፎልደር አዛውረው። በኔትወርክ በተጋራ ዲስክ ላይም እንዲሁ ነው፤ ሌላ ኮምፒውተር የለወጠውን ያንተ ከርነል አያውቅም። እዚያ የሚቀርልህ በየጥቂት ሰከንዱ የፋይሉን ሰዓት እየሄዱ ማየት ነው፤ ደወል በሌለበት ቤት ዘበኛው በሩን እየከፈተ እንደሚያየው ማለት ነው። ፕሮሰሰሩን ትንሽ ያደክመዋል፣ ግን ይሠራል። ለማንኛውም የምታስኬደውን ትእዛዝ ከነአማራጮቹ ለጥፍልን፣ ዋይሉን የት እንደምታስገባው አሳይሃለሁ።