ሙኒ ማይት ልግዛ ወይ ላልከው ወንድማችን

ቴክሳስ ጎተራ ውስጥ የቆመ የ1951 ሙኒ ማይት፣ ያቺን ባለ አንድ ወንበር ትንሽ አውሮፕላን፣ አገኘሁ፣ ሻጩ ትንሽ ስራ ብቻ ነው የሚፈልገው ይላል፣ ልግዛው ወይ ላልከው። እኔ ማይት አለኝ፣ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሁን ይበራል። ሻጭ «ትንሽ ስራ» ሲልህ ለሱ ትንሽ ነው፣ አይሰራውማ።

1. መጀመሪያ የራስህን ወረቀት እይ። ሲቲዝን ወይ ግሪን ካርድ ያለህ ካልሆንክ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን መስሪያ ቤት) አውሮፕላኑን በስምህ አይመዘግብልህም፣ ወርክ ፐርሚት አይበቃም። እና ብር ከመስጠትህ በፊት ታይትል ሰርች አሰራ፣ ማለት የባለቤትነቱንና የእዳውን መዝገብ አስፈትሽ። ኦክላሆማ ሲቲ ባለው የኤፍኤኤ መዝገብ ላይ ያልተሰረዘ የድሮ የባንክ እዳ ሊወጣብህ ይችላል፣ ባንኩ ከተዘጋ ቆይቶም እዳው እዛው ተጽፎ ይቀመጣል። መመዝገቢያው 5 ዶላር ነው፣ ከዛ በኋላ በ5 ዶላር የሚያልቅ ነገር የለም።

2. ኢንጅኑን ብዙ አትፍራው። የመጀመሪያዎቹ በ1940ዎቹ መጨረሻ የወጡት በክሮስሊ የመኪና ሞተር ነበር፣ 25 ፈረስ ጉልበት፣ ክራንክሻፍቱ እየተሰበረ አስቸገረና ፋብሪካው ራሱ መልሶ ቀየረላቸው። አሁን የምታገኘው ባለ 65 ፈረስ ላይኮሚንግ ወይ ኮንቲኔንታል ሞተር ነው፣ የኮንቲኔንታሉን ዕቃም የሚያውቀውንም ሰው በየቦታው ታገኛለህ። በሰዓት 4 ጋሎን አካባቢ ጠጥቶ ከ120 ማይል በላይ ይሄድልሃል፣ በ65 ፈረስ ይሄን የሚሰራ ሌላ ካለ አምጣ። ስታርተር ከሌለው ፕሮፔለሩን በእጅ ነው የምታዞረው፣ ሳታስረው እና ጎማው ስር ሳትወትፍ ብቻህን እንዳትሞክራት።

3. እንጨቱ። ዋናው እሱ ነው፣ ሌላውን ብትረሳ ይሄን እንዳትረሳ። የማይት ክንፍ እንጨት ነው፣ ፊቱ በኮምፔርሳቶ የተሸፈነ ከኋላው ጨርቅ፣ ጅራቱም እንጨት። ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ሆኖ ውስጡ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። እኔ ስገዛው ክንፉ ደህና ነበር፣ እንጨት የሚያውቅ ሰው ከፍቶ አይቶታል። ጨርቁ ግን አርጅቶ ስለነበር ይቀየር ብዬ እዚህ አካባቢ ስም ያለው ሾፕ ሰጠሁ፣ ስሙን አልጠራም። ጨርቁን ገፈፉና ክንፉን ጣሪያው የሚያፈስ ሼድ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ትተውት፣ ስደውል «ተራህ አልደረሰም»፣ ስደውል «ኃላፊው የለም»፣ ዝም ብዬ ሄጄ ሳይ ኮምፔርሳቶው ከጫፉ እንደ ደረቀ እንጀራ ተገልብጧል፣ ውሃው ብሎኖቹ ዙሪያ ጥቁር ሆኖ ገብቷል። ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ቀና እንኳን ሳትል «ሰር፣ አውሮፕላኑ እኮ አሮጌ ነው» አለችኝ። አሮጌ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ በጋ ላይ ሳመጣው ግን እንጨቱ አንድ ላይ ነበር! ይባስ ብለው የማስቀመጫ ቢል ላኩልኝ። ከፈልኩ፣ ካልከፈልኩ ክንፉን አይሰጡኝማ። ስለዚህ ሾፕ ስትሰጥ የት እንደሚቀመጥ በጽሁፍ ይፈርሙልህ፣ ያለበትን ሁኔታ ከማስረከብህ በፊት ፎቶ አንሳ፣ ፎቶ ስላልነበረኝ ነው መከራከር ያቃተኝ።

4. መካኒክ። ቀድሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የነበሩ ቦይንግ ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ ወስጄ አሳየኋቸው፣ ዞር ዞር ብለው አይተው «ልጄ ይሄ አናጺ ነው የሚፈልገው» አሉና ሳቁ። ልክ ናቸው። ፋብሪካ የሰራው ስለሆነ ደግሞ ሰው ቤቱ እንደሚገጣጥመው ኤክስፐርመንታል አውሮፕላን በገዛ እጅህ ሰርተህ አትፈርምም፣ ኤ ኤንድ ፒ ላይሰንስ ያለው መካኒክ ይፈርማል፣ የዓመቱን ኢንስፔክሽን እና ትልልቁን ጥገና ደግሞ ከሱ በላይ የኢንስፔክተር ፈቃድ (አይኤ) ያለው። ግን እሱ እያየህ አንተ መስራት ትችላለህ። እኔ ሌላ ስቴት ያሉ እንጨት ላይ ያረጁ ሽማግሌ አገኘሁ፣ እየተመላለሱ ያዩልኝ ነበር፣ እኔ እሰራ ነበር። የተበላሸውን ቆርጠህ አዲሱን ስትቀጥል ጫፍ ለጫፍ አይደለም፣ ለኮምፔርሳቶው ውፍረቱን በ12 አባዝተህ በዛ ርዝመት ሁለቱንም ጫፍ አቅጥነህ ደርበህ ነው የምታጣብቀው። በየጊዜው ኮላ ስንበጠብጥ ቁራጭ ላይ ናሙና ያሰሩኝ ነበር፣ ሲደርቅ ሞርሳ ላይ አስረው በመዶሻ ይሰብሩታል፣ እንጨቱ ተቀዶ የኮላው መስመር ከያዘ አለፍን፣ ኮላው ከለቀቀ የዛን ቀን ስራ በሙሉ ይፈርሳል። አንድም አልለቀቀም፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም 😀 የአናጺ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

5. ኢንሹራንስ፦ ባለ አንድ ወንበር፣ እንጨት፣ ጎማው የሚታጠፍ ስትላቸው ስልኩን የሚዘጉ አሉ፣ ከመግዛትህ በፊት ደውል። ወንበሩ አንድ ስለሆነ አስተማሪ አብሮህ አይገባም፣ የመጀመሪያው በረራ ያንተ የብቻህ ነው። ጎማውን በእጅህ በሊቨር ነው የምታወርደው፣ ረስተህ ጋዝ ከቀነስክ ፊትህ ቀይ ምልክት ይወዛወዝብሃል፣ ሻጩ እንደሚሰራ ያሳይህ። ሰው ሁሉ «ሊፍት አትሰጠንም» እያለ ያሾፍብሃል፣ ለሱም ተዘጋጅ።

ቴክሳስ ስትሄድ የክንፉን መፈተሻ ክዳን ስትከፍት የእጅ ባትሪ ከማብራትህ በፊት አፍንጫህን አስገባ፣ የሻጋታ ሽታ ካለ ተመለስ። ከስር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀለም ተደፍነው እንደሆነ እይ፣ ክንፉ ከጎማው የሚያያዝበት ጋ ያሉትን ብሎኖች ዙሪያ በቅርብ ፎቶ አንሳና ኢንቦክስ ላክልኝ፣ ሽማግሌውንም አሳይልሃለሁ። ቀብድ እስከዛ እንዳትሰጥ።